ደሴ ላይ ጣፋጭ የት ይበላል? ኬክ ቤቱ፣ ባቅላቫውና ቤት ያጣው ሙሸበክ

ደሴ ውስጥ ጣፋጭ ያማረው ሰው የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ኬክ ቤት። ፒያሳ ብትሉ፣ አራዳ ብትሉ፣ ቧንቧ ውሃ ብትሉ የሚጠቁሟችሁ ኬክ ቤት ነው። ስትገቡ ደግሞ የሌለ ነገር የለም። ኬኩ፣ ቦምቦሊኖው፣ ባቅላቫው፣ ጁሱ፣ በርገሩ፣ እርጎው፣ አንዳንዱ ጋ ጥብስም አለ። ባለቤቶቹን እረዳቸዋለሁ፤ ኪራይ ውድ ነው፣ በኬክ ብቻ ቤት አይቆምም። ጣፋጭ ለሚወድ ሰው ግን ጉዳት አለው። ሁሉን የሚሠራ ቤት አንዱንም በደንብ አይጨርሰውም።

ደሴ ደግሞ አሳምራ የምትሠራው ጣፋጭ አላት። ሙሸበክ፤ ዘይት ውስጥ እንደ መረብ ተጠብሶ ስኳር ሽሮፕ ውስጥ የሚነከረው። የሐረር ሰዎች እንዳትቀየሙ፣ የናንተም ድንቅ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ደሴ ነው የማወራው። ችግሩ ሙሸበክ ደሴ ላይ ቤት የለውም። ረመዳን ሲገባ መንገድ ዳር ይወጣል፣ ኢድ ሲያልፍ ይጠፋል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከተማው በነጭ ክሬም ይኖራል።

ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ የአንድ ቤት ግምገማ ብቻ አላደርገውም። የከተማውን ጣፋጭ ቤቶች በየዓይነታቸው ለይቼ ማየት ነው የፈለግኩት፤ የሌላው አገር ሰው እንዴት እንደሚለያቸውም ጨምሬ።

ብዙ ሰው ጣፋጭ ቤትን በአገር ነው የሚከፋፍለው። የጣልያን፣ የቱርክ፣ የህንድ እያለ። እኔ ግን ሦስት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ ጣፋጩ የተሠራው በምድጃ ነው፣ በዘይት ነው ወይስ ወተት እሳት ላይ ቆይቶ? ሁለተኛ፣ ተቀምጣችሁ ነው የምትበሉት ወይስ በኪሎ አስመዝናችሁ ለቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱት? ሦስተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ አለ ወይስ ወቅት ጠብቆ ነው የሚመጣው? እነዚህን ከጠየቃችሁ አገሩ ሩቅ ይሁን ቅርብ የቤቱ ዓይነት ወዲያው ይገለጥላችኋል።

ይሄን ጉዳይ በጣም ያሳመሩት ቱርኮች ናቸው። እዚያ ባቅላቫ የሚሠራ ሰው ባቅላቫጂ ነው፣ ቤቱም የባቅላቫ ቤት ነው። ወተትና ሩዝ እያነኮረ ቀዝቃዛ ሙሃለቢ የሚያቀርበው ሌላ ቤት ነው፤ ሙሃለቢጂ ይባላል። እዚያ ቤት የዶሮ ፈረሰኛ ሥጋ እንደ ክር ተበጣጥሶ የሚገባበት የወተት ጣፋጭ ሁሉ አለ፤ ሲነገር ይገርማል እንጂ ለዘመናት ሲበሉት ኖረዋል። ሎኩም የሚባለውን ለስላሳ የስኳር ጣፋጭና ከረሜላ የሚሸጠው ሸከርጂ ነው። የአውሮፓ ዓይነት ክሬም ኬክ ያማረው ደግሞ ፓስታኔ ይሄዳል። ሐጂ በክር የተባለው የሎኩም ቤት ኢስታንቡል ላይ የተከፈተው በ1777 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ሥራው ሎኩምና ከረሜላ ነው። የጋዚያንቴፕ ከተማ ባቅላቫ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት የቦታ ስሙን መዝግቦ ጠብቆለታል፤ ከቱርክ ምርቶች የመጀመሪያው እሱ ነው። አንድ ነገር ይዞ የሚቆይ ሰው እዚህ ይደርሳል።

ለወሎ ሰው የሚጥም ሌላም ታሪክ አለ። በኦቶማን ዘመን ረመዳን አጋማሹ ላይ፣ በ15ኛው ቀን፣ ሱልጣኑ ለጦሩ ባቅላቫ በትሪ ያድል ነበር። ወታደሮቹ ትሪውን ተሸክመው ከቤተ መንግሥቱ በሰልፍ ይወጡ ነበር። ጣፋጭና ረመዳን አብረው መሄዳቸው የኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም።

ህንድ ስትሄዱ ጣፋጭ ሠሪው ሐልዋኢ ይባላል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ወተት ነው። ወተቱን እሳት ላይ እያማሰለ እስኪጠጥር ያደርቀዋል፣ ከዚያ በስኳርና በሄል ይቀርጸዋል። ሰው ገዝቶ በሳጥን ይዞ ይሄዳል፤ ለሠርግ፣ ለዲዋሊ በዓል፣ ልጅ ፈተና ሲያልፍ። ጎረቤት ይታደላል። እዚያው ሐልዋኢ ዘንድ ደግሞ ጃሌቢ አለ። ጃሌቢ ማለት የሙሸበክ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሊጡ ይቦካል፣ ዘይት ውስጥ እየተጠማዘዘ ይፈሳል፣ ትኩሱን ስኳር ውስጥ ይነከራል። ሰሜን ህንድ ውስጥ ጠዋት በወተት ወይም በእርጎ ይበሉታል። የሁለቱም የጋራ አያት ዘላቢያ ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የተጻፈ የምግብ አሠራር ላይ ሳይቀር ይገኛል። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ሙሸበክ በሚጠበስበት ሸዋ በር መንገድ ዳር ስትቆሙ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሙያ ፊት ነው የቆማችሁት።

አውሮፓ ሌላ ነው። ቪየና ኬክ ተቀምጦ፣ በቡና፣ በጋዜጣ የሚበላበት ከተማ ነው። ዛኸር ቶርቴ የሚባለው የቸኮሌት ኬካቸው የተሠራው በ1832 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። ሁለት ቤቶች "እውነተኛው የኔ ነው" ብለው ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ቆይተው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው ነገሩ ያለቀው። ፈረንሳይ ደግሞ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳቦውን እዚያው አቡክቶ እዚያው የማይጋግር ሱቅ "ዳቦ ቤት" የሚለውን ስም በሕግ መለጠፍ አይችልም። ይሄን ሳነብ ቅናት ነው የተሰማኝ። እኛ ጋ ኬኩን ሌላ ቦታ አስጋግሮ የሚያመጣ ቤትም ኬክ ቤት ነው።

ጃፓኖች ጣፋጫቸውን በወቅት ይቀያይራሉ። የቼሪ አበባ ሲፈነዳ በቼሪ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ጣፋጭ ይወጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይቀራል። ሰዉም ይጠብቀዋል።

ወደ ደሴ እንምጣ።

የኬክ ቤቱን ነገር ያመጡት ጣልያኖች ናቸው። ደሴን የያዙት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፣ በ1933 ወጡ፤ ማኪያቶው፣ ፓስቲው፣ ቦምቦሊኖው፣ ሚልፎሊው ግን ቀረ። እኔ የማየው ግን እንዲህ ነው። ጣልያን ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንዱ ባር ነው፤ ቆመህ ቡናህን ኮርኔቶ በሚባለው ክሩዋሳን መሳይ ዳቦ ጠጥተህ የምትወጣበት። ሌላው ፓስቲቼሪያ ነው፤ እሁድ ከምሳ በፊት ሰው ተሰልፎ ትንንሽ ኬክ በትሪ አስጠቅልሎ ወደ ቤተሰቡ የሚወስድበት። እኛ የወረስነው ባሩን ነው፤ የእሁዱን ትሪ አልወረስነውም። ስለዚህ የኛ ኬክ ቤት ዋናው ሸቀጥ ወንበሩና ማኪያቶው ነው፤ ኬኩ አጃቢ ሆኖ ቀረ።

በወንበርና በማኪያቶ ከሆነ የደሴ ኬክ ቤቶች ጎበዝ ናቸው፣ ይሄን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ውጭው ሲበርድ፣ ውስጥ መስታወቱ በእንፋሎት ሲደበዝዝ እዚያ መቀመጥ ደስ ይላል። የፒያሳው ማኪያቶ በደንብ ይለያል፤ ወተቱ አይቃጠልም፣ ቡናው አይመርም። አስተናጋጆቹም ሰው ያከብራሉ። "ይጫወቱ" ብለው ይተዉሃል፣ ቶሎ ውጣ የሚል ዓይን የለም።

ኬኩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ሚልፎሊ ልውሰድ። ሚልፎሊ ጥሩ ሲሆን ሹካ ስትጥሉበት መሰንጠቅ አለበት፣ ድምፁ መሰማት አለበት፤ ሊጡ በቅቤ እየታጠፈ እየተዳመጠ ስለሚሠራ በመሃሉ ብዙ ስስ ንጣፍ አለው። ስድስት ጊዜ በሦስት ከታጠፈ የቅቤው ንጣፍ ብቻ 729 ይደርሳል። ባለፈው የቀረበልኝ ግን ሹካው ሲያርፍበት ተጣጥፎ ተጨመቀ፣ ክሬሙ በጎን ወጣ፣ የላዩ ሊጥ እንደ እርጥብ ካርቶን ሆነ። ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ማደሩ ነው፤ ክሬም የገባበት ሊጥ በአንድ ሌሊት እርጥበት ይጠጣል። ሁለተኛው ማርጋሪን ነው። ለሊጥ የሚሠራው ማርጋሪን ቶሎ እንዳይቀልጥ ተደርጎ ስለሚመረት አፍ ውስጥም አይቀልጥም፤ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። ኬክ በልታችሁ አፋችሁን በሙቅ ሻይ መጉመጥመጥ ካሰኛችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። ቅቤ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትንሽ አስወድዶ በቅቤ የሚሠራ አንድ ቤት ቢኖር እኔ ደንበኛው ነኝ።

የአንዱን ቤት ስም አልጠራም፤ "የዛሬ ነው?" ብዬ ጠይቄ "አዎ፣ አሁን የወጣ" ብለውኝ የመጣው ኬክ ጫፉ ደርቆ ነበር። ያደረ ከሆነ ያደረ ነው በሉ፣ ቀንሱ፣ ሰው ይገዛል። መዋሸት ምን ያደርጋል።

ስፖንጅ ኬኩ ላይ ደግሞ የቦታው ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል፤ ሊጡ ውስጥ ያለው አየርም ቶሎ ይነፋል። ዝቅተኛ ቦታ የተጻፈን አሠራር እንዳለ ከወሰዳችሁ ኬኩ ሳይበስል ያብጥና መሃሉ ይሰምጣል። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ስኳሩንም ትንሽ ማሳነስ፣ ውሃውን መጨመር ነው። መሃሉ የሰመጠውን ኬክ በክሬም ሞልቶ ማስተካከል መፍትሔ አይደለም። የልደትና የምርቃት ኬኮቻችን ላይ ያ ሁሉ ክሬም የሚቆለለው ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ። በተለይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞን ትእዛዝ ሲበዛ ቁመቱ ይጨምራል፣ ጣዕሙ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አደንቃለሁ፤ የጾም ኬኩን። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ግን ጥሩ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። የብርቱካን ወይም የሙዝ ከሆነ ውሰዱት። ሌላው ዓለም የእንስሳት ተዋፅኦ የሌለው ኬክ ብሎ እንደ አዲስ ነገር የሚሸጠውን የኛ ኬክ ቤቶች ለሁዳዴ ሲሠሩት ቆይተዋል። ለኔ ከፍስኩ ኬክ የጾሙ ይበልጣል፤ ጉድለቱን የሚደብቅለት ክሬም ስለሌለ ሠሪው ይጠነቀቃል።

ጁስ ቤት ውስጥ ጣፋጭ የምትፈልጉ ከሆነ ስፕሪስ በቂ ነው፤ ስኳር እንዳይጨምሩ ብቻ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አይስክሬም ደሴ ላይ አልመክርም፤ ብርዱ አይጋብዝም፣ ሽያጩ ስለሚቀንስ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ በረዶ ይይዛል። አይስክሬም ያማረው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ ይግባ። ሙቀት አለ፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ስለዚህ ትኩስ ነው ማለት ይቻላል፤ ለአይስክሬም ከተባለ።

ባቅላቫ አሁን ደሴ ላይ በየኬክ ቤቱ አለ። ፒስታሽዮ የለበትም፣ ኦቾሎኒ ነው። እኔ በዚህ አልከፋም። የኛ ኦቾሎኒ በደንብ ከተቆላ መዓዛው ጥሩ ነው፣ ሌላውን መምሰል የለበትም። የማልወደው ስኳሩን ነው። ባቅላቫ ላይ ስኳሩ የሚፈሰው አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ትኩስ ባቅላቫ ላይ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ወይም በተቃራኒው። ሁለቱም ሲሞቁ ይላላል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ረጥቦ፣ ታችኛው ንጣፍ ገንፎ ሆኖ ይመጣል። ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል። እባካችሁ አታስቀምጡት፤ ቅባቱ ይረጋል፣ ስኳሩ ይጠጥራል። ውጭ፣ ተሸፍኖ፣ ቀናት ይቆያል። አራዳ አካባቢ በዓል ሲቃረብ በኪሎ የሚሸጥ ባቅላቫ ቀምሼ ነበር፤ እሱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም በቶሎ ስለሚያልቅ አያድርም። በኪሎ የሚሸጥ ጣፋጭ ከቁራጩ ሁልጊዜ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሙሸበኩ።

ረመዳን ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ወደ ሸዋ በር ወይም ወደ አረብ ገንዳ ውረዱ። ሳምቡሳው፣ ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሙሸበኩ መንገዱን ሞልቶታል። አብዛኞቹ ጠባሾች እናቶች ናቸው። አንዷ እናት ጋ ቆሜ ሥራዋን በደንብ አይቻለሁ። ሊጡ ጠዋት የተቦካ ነው፣ ላዩ ላይ አረፋ አለው፤ ቀጭን፣ ከማንኪያ እንደ ክር የሚወርድ። ጫፉ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ትሞላዋለች። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ትጥላለች፤ ጠብታው ሰምጦ ወዲያው ተነስቶ ከተንሳፈፈ ትጀምራለች። ከዚያ እጇን ሳታቋርጥ ክብ፣ ሌላ ክብ፣ መሃሉን እያቆራረጠች መረብ ትሠራለች። አንዱ ጎን ወርቅ ሲመስል ትገለብጠዋለች፣ ዘይቱን ታንጠፈጥፋለች፣ ወዲያው ለብ ያለው ስኳር ውስጥ ትነክረዋለች። ቆጥራ ታወጣዋለች፣ ብዙ አታቆየውም።

"እማማ፣ ስኳሩ ለምን አይጠጥርም?" አልኳት።

"ሎሚ አለው የኔ ልጅ። ሎሚ ከሌለው ነገ ድንጋይ ነው። አብሽር፣ ይሄን ቅመስ።"

ትክክል ናት። የሎሚው አሲድ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ሁለት ቀላል ስኳሮች ይሰብረዋል፤ እነሱ የቀረው እንዳይጠጥር ያደርጋሉ። ትኩሱን ስትነክሱት ላዩ ይሰበራል፣ ከቱቦው ውስጥ ሽሮፑ ይፈሳል። ሄል ከገባበት ደግሞ ሌላ ነው። ዋጋው ከአንድ ቁራጭ ብላክ ፎረስት ያንሳል፣ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል።

ጥፋትም አለው፣ ዝም አልልም። አንዳንዱ ጋ ዘይቱ ተደጋግሞ ጠቁሯል፤ ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል፣ እዚያ አትግዙ። ቢጫ ቀለም አብዝተው የሚጨምሩም አሉ። ጥሩ ሙሸበክ ቀለም አያስፈልገውም፣ ከእሳቱ የሚያገኘው ይበቃዋል። አቧራውም አለ፤ የሚሸፍኑትን ምረጡ።

ሙሸበክን ከሌላው የሚለየው ግን ማን እንደሚበላው ነው። ወሎ ውስጥ ረመዳን ላይ የሚጠበሰው ለጿሚው ብቻ አይደለም። ጎረቤት ክርስቲያን ቤት በሰሃን ይገባል፤ ፋሲካ ላይ ደግሞ ዳቦው ወዲያኛው ቤት ይሄዳል። ሁዳዴና ረመዳን ሲገጣጠሙ ደግሞ ሙሸበክ ለሁለቱም ይሆናል። ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሎሚ ነው፤ እንቁላልና ወተት ካልገባበት የጾም ነው። አንድ ኬክ ቤት ውስጥ እንዲህ ሁሉንም የሚያስተናግድ ጣፋጭ ፈልጉ እስቲ።

ታዲያ ለምን ቤት አይኖረውም? ጥያቄዬ ይሄ ነው። ወቅቱን ጠብቆ መምጣቱ ያምራል ትሉኝ ይሆናል፣ የጃፓኖቹንም ምሳሌ ታነሱብኛላችሁ። እውነት ነው፣ የሚናፈቅ ነገር ጥሩ ነው። ግን ባቅላቫም የረመዳን ጣፋጭ ነው፤ ቱርኮች ዓመቱን ሙሉ ቤት ከፍተውለት ረመዳን ላይ ደግሞ ያበዙታል። ሁለቱም ይቻላል። ትንሽ ቤት፣ ሁለት ድስት፣ ንጹሕ ዘይት፣ አንዲት ሙያ የምታውቅ እናትና ሁለት ልጆች። ጠዋት ሙሸበክ በሻይ፣ ከሰዓት በኋላ በኪሎ ለቤት። ከጎኑ ሐላዋ ቢጨምር ደግሞ ምን ይጎድለዋል። ለሚጠጣውም የሐይቅ ማር ብርዝ ቢያቀርብ እኔ ከዚያ ቤት አልወጣም።

የኔ ምክር ደሴ ለሚመጣ ሰው እንዲህ ነው። ማኪያቶ ፒያሳ ጠጡ፣ ኬክ ካዘዛችሁ የጾሙን እዘዙ፣ ሚልፎሊ ከሆነ ጠዋት የወጣ መሆኑን አረጋግጡ። ባቅላቫ በኪሎ፣ ከፍሪጅ ያልወጣውን። አይስክሬም ኮምቦልቻ። ረመዳን ላይ ከመጣችሁ ኬክ ቤት አትግቡ፤ ሸዋ በር ውረዱ፣ ዘይቱን እዩ፣ ሽታውን አሽቱ፣ ከዚያ ትኩሱን በወረቀት አስጠቅልሉ። ለሰፈር የሚበቃ ግዙ፣ ምክንያቱም ነገ ላዩ ይላላል፣ ያኔ እንደ ዛሬው አይሆንም። ደሴ ላይ ከረመዳን ውጭ ሙሸበክ የሚጠብስ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ሰፈሩን ንገሩኝ፣ ሄጄ ቀምሼ እጽፍላችኋለሁ።